የትኛዋን ቀስት ልጠቀም? ለጥሪ ካርድ፣ ለባነርና ለስልክ መልእክት የሚሆን ንጽጽር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በኅትመት ሥራ እተዳደራለሁ። ጥር ሲገባ ሠርግ በሠርግ ላይ ይደራረብና ደጃፌ በጥሪ ካርድ አሠሪ ይሞላል። ደንበኛው ስልኩን ከፍቶ የወደደውን ካርድ ያሳየኛል፤ ጣቱ የሚያርፈው ግን ጽሑፉ ላይ ሳይሆን ጌጡ ላይ ነው። «ቃሉን አንተ ታውቅበታለህ፤ ይቺን ቀስት ብቻ እንዳትረሳብኝ» ይለኛል። ቀስቷ አብዛኛውን ጊዜ ይህች ናት፦ ➳። ላባ ያላት፣ ቀጠን ያለች፣ በሁለት ስሞች መካከል ስትገባ የምታምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ካርድ አሠሩኝ። በሙሽራዋና በሙሽራው ስም መካከል ➳ አስገባሁ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ልቅም ብላ ትታይ ነበር። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ባለቀለም ወደሚያትም ሌላ ቤት ላክሁት፤ ሁለት መቶው ካርድ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ታሽጎ መጣ። እናትየዋ አንዱን መዘዝ አድርገው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት።

«ልጄ፣ ይቺ ሳጥን ምንድን ናት? በልጄና በባሏ መካከል ግድግዳ ነው እንዴ ያቆምህብኝ?»

ቀስቷ በነበረችበት ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ተቀምጧል። ሁለት መቶውንም በራሴ ወጪ እንደገና አሳተምሁ። ገንዘቡ ተረስቷል፤ የእናትየዋ ፊት ግን አልተረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ምልክቶች ያገኘሁትን ሳነብ፣ በእጄ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ስሞክር ቆይቻለሁ። በወልዲያም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴም ሆነ በላሊበላ ጥሪ ካርድ፣ ባነር፣ የዋጋ ዝርዝር ወይም የቴሌግራም ማስታወቂያ የሚያዘጋጅ ሰው ያው ምርጫ ይገጥመዋልና ያገኘሁትን እነሆ።

## በመጀመሪያ፦ ቀስቷ ሥዕል አይደለችም

ብዙ ሰው ➳ ትንሽ ሥዕል ትመስለዋለች። እንደ «ሀ» እና እንደ «ለ» ያለች ፊደል ናት። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላትና ምልክቶች መዝገብ ውስጥ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ የ➳ ቁጥር ደግሞ 10163። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፍላሽ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ይህ ቁጥር ነው። ቅርጹን የሚሥለው በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ያለው ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጾች ስብስብ ነው። የተመረጠው ፎንት ቁጥሩን ካላወቀው ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ የሚበደርበት ሲያጣ ሳጥን ያስቀምጣል። የእኛ ካርድ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

አምባሰልን አስቡት። ቅኝቱ አንድ ነው፤ ድምፃዊው ሲለወጥ ግን ለዛው ሌላ ነው። 10163 ቅኝቱ ነው፣ ፎንቱ ድምፃዊው። እኔ የላክሁት ቅኝቱን ብቻ ነበር፤ በዚያኛው ቤት የሚዘፍነው አልነበረም።

ባለ ላባዋም ሆነች ድፍኗ ቀስት (➤) የመጡት ከአንድ ሰው እጅ ነው። ጀርመናዊው የፊደል ንድፍ ባለሙያ ሄርማን ዛፕፍ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ ሺህ ገደማ የምልክትና የጌጥ ንድፎችን ሠራ፤ ከእነዚህ ውስጥ 360ው ተመርጠው በ1978 «ዛፕፍ ዲንግባትስ» በሚል ስም ወጡ። በ1986 አፕል ካወጣው ሌዘር ማተሚያ ጋር አብረው ስለመጡ በየቢሮው ገቡ። ዩኒኮድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ከስብስቡ ብዙዎቹን ወስዶ ከ9984 እስከ 10175 ያለውን ቦታ ሰጣቸው። የእኛ ፊደል መዝገቡ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። ጌጧ ቁጥር ያገኘችው «ሀ» ከማግኘቷ ዓመታት ቀድማ መሆኑን ሳውቅ ትንሽ ቆርቁሮኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ችግር ሲፈጠር ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። በአሁኑ ጊዜ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ይወስዳል፤ ➳ም እንዲሁ ሦስት ባይት ናት (226፣ 158፣ 179)። ስለዚህ አማርኛው ደህና ሆኖ ቀስቷ ብቻ ሳጥን ከሆነች ጥፋቱ የፎንት ነው። አማርኛውም ቀስቷም አንድ ላይ ወደ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ከተለወጡ ግን ፋይሉ በሌላ የኮድ አነባበብ ተከፍቷል፤ ፎንት ብትቀያይሩ አይድንም።

## በምን እንመዝናቸው?

ውበትን ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦

መድረስ፦ በተቀባዩ መሣሪያ ላይ ሳጥን ሳትሆን ትታያለች?

መልክ መጠበቅ፦ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስትሄድ ቀለም አትለውጥም? አትፋፋም? አትከሳም?

ወረቀት፦ በትንሽ መጠን ታትማ፣ ከዚያም ፎቶኮፒ ተደርጋ ትነበባለች? ባነር ላይስ ከመንገዱ ማዶ ትለያለች?

አቅጣጫ፦ ወደ ግራ የምትዞር እኩያ አላት? ይህን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

ወጪ፦ አጭር መልእክት ላይ ስትገባ መልእክቱን ለሁለት ትከፍላለች?

በመንገዴ ላይ፦ እኛ ዛሬ «ቀስት» የምንለው ምልክት በጥንቃቄ ከተነገረ «ፍላጻ» ነው፤ ቀስት ደግሞ ፍላጻውን የሚወረውረው ደጋን ነው። ዩኒኮድ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ኢሞጂ (🏹፣ ቁጥሩ 127993) አለው። ደንበኛ ሁሉ «ቀስት» ስለሚል እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

## ተራዋ ቀስት፦ →

ቁጥሯ 8594 ነው። ጌጥ የላትም፤ ለዚህም ነው የትም የምትደርሰው። እህቶቿ በቁጥር ተከታትለው ተቀምጠዋል፦ ← 8592፣ ↑ 8593፣ → 8594፣ ↓ 8595። አራቱም አቅጣጫ በአንድ እጅ የተሣለ ስለሆነ ባነር ላይ ግራና ቀኝ ስታደርጉ አንዷ ወፍራም፣ ሌላዋ ቀጭን አትሆንባችሁም።

ዋጋዋ የሚታየው ትርጉም ስትሸከም ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሾፌር የጉዞ መስመሩን በአንድ ገጽ እንድጽፍለት ጠየቀኝና ሁለት ዓይነት አድርጌ አሳየሁት፦

ደሴ → ሐይቅ → ውጫሌ → መርሳ → ወልዲያ

ደሴ ➳ ሐይቅ ➳ ውጫሌ ➳ መርሳ ➳ ወልዲያ

በመጀመሪያው ዓይናችሁ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ቀስቷን አያያትም። በሁለተኛው ዓይን የሚቆመው ላባው ላይ ነው፤ ከተሞቹ በጌጥ መካከል የተሰካኩ ይመስላሉ። ሾፌሩ ምንም ሳላስረዳው የመጀመሪያውን አነሣ። መስመር፣ ቅደም ተከተል፣ «ከዚህ ወደዚያ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ከ→ ሌላ አትፈልጉ።

ድክመቷ ቅጥነቷ ነው። ትልቅ ባነር ላይ ከሩቅ ስትታይ ሰረዝ ትመስላለች።

## ድፍኖቹ፦ ➤ እና ➜

➤ ቁጥሯ 10148፣ ➜ ደግሞ 10140 ነው። ሁለቱም ከዛፕፍ ስብስብ ናቸው። ➤ ዘንግ የላትም፤ ጫፍ ብቻ ናት። ለዚህ ነው በዝርዝር መጀመሪያ ላይ እንደ ነጥብ የምታገለግለው፣ ባነር ላይም ከሩቅ የምትታየው። «ወደ አዳራሹ ➤» ብሎ ለሚሰቅል ከጽሑፍ ምልክቶች ውስጥ የተሻለች አላገኘሁም። ቀለሟ ሙሉ ስለሆነ ፎቶኮፒ አያበላሻትም።

ትልቁ እንከኗ አቅጣጫ ነው። ➤ም፣ ➜ም፣ ➳ም በዚያው ስብስብ ውስጥ ወደ ግራ የምትዞር እኩያ የላቸውም። ዛፕፍ የሣላቸው ቀስቶች አብዛኞቹ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዶቹም ወደ ቀኝ ላይና ወደ ቀኝ ታች የሚያመለክቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሰባተኛው የዩኒኮድ እትም ብዙ አዳዲስ ቀስቶችን፣ ወደ ግራ የሚያመለክቱትን ጨምሮ፣ አስገብቷል፤ ነገር ግን በድሮ ኮምፒውተርና በድሮ ስልክ ላይ ሳጥን የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ስለዚህ ወደ ግራ የሚጠቁም ባነር ሲታዘዘኝ ➤ን ጽፌ በሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ አገላብጣታለሁ፤ በጽሑፍ መልእክት ውስጥ ግን ይህ አይቻልምና ወደ ← እመለሳለሁ።

## ባለ ላባዋ፦ ➳

ሰው የሚወዳት እሷን ነው፤ እኔም እወዳታለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገርላት።

ቁጥሯ 10163። ላባዋ ባዶ፣ ማለትም ነጭ ነው። ጥቁር ላባ ያላት እኅቷ ➵ 10165 ናት፤ ወፈር ያለችው ደግሞ ➸ 10168። ሦስቱን ጎን ለጎን አትማችሁ ካያችኋቸው ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ በ➳ ላባ ላይ ያለው መስመር ፀጉር ያህላል። በ10 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) በሌዘር ማተሚያ ስትታተም ታምራለች። ያንኑ ወረቀት ፎቶኮፒ፣ ኮፒውንም እንደገና ፎቶኮፒ አድርጉት፤ በላባዎቹ መካከል ያለው ነጭ ይሞላና ጅራቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። በ16 ነጥብ ግን ሁለቱንም ዙር ተቋቁማለች። የእኔ ደንብ ከ14 ነጥብ በታች ➳ አልጽፍም፤ በፎቶኮፒ ለሚባዛ ወረቀት ደግሞ ➸ እወስዳለሁ።

በአዲስ ስማርት ስልኮች ላይ በደህና ትታያለች። በኮምፒውተር በኩል ዊንዶውስ 7 ሲጎ ዩአይ ሲምቦል የተባለ የምልክት ፎንት ይዞ ስለመጣ ከዚያ ወዲህ ያሉት አይቸገሩም። ነገር ግን የአማርኛው ፎንት ራሱ ➳ን የማይዝ ሲሆን ምልክቷ በብድር ትመጣለች። ብድሩ በሁለት ነገር ይታወቃል፦ ውፍረቷ ከፊደሉ ጋር አይገጥምም፤ እሷ ያለችበት መስመርም ከሌሎቹ ትንሽ ይርቃል። የጥሪ ካርድ ስታዘጋጁ አንዱ መስመር ያለምክንያት ወረድ ካለባችሁ ይህን ተጠራጠሩ። መፍትሔው ምልክቷን ብቻ መርጦ ፎንቱን በግልጽ መስጠትና የመስመር ርቀቱን በቁጥር ማሠር ነው።

ማተሚያ ቤት የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ቁጥሯን አትላኩ፤ ቅርጿን ላኩ። ኮረል ድሮው ወይም ኢሉስትሬተር በሚባሉት የሥዕል ሶፍትዌሮች ጽሑፉን ወደ መስመር ቅርጽ መለወጥ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ፎንት አያስፈልጋትም። ይህን የማታውቁ ከሆነ ፋይሉን ፎንቱ በውስጡ እንዲቀመጥ አድርጋችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ያን ጊዜ ይህን አንድ እርምጃ ባደርግ ኖሮ ሁለት መቶው ካርድ ባልተበላሸ።

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር ➳ ላይ ሲደርስ አንዱ ረጅም ስሟን ይጠራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያልፋል። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ከደረደራችኋት ለእነርሱ ማስታወቂያው የማይደመጥ ይሆናል። በአንድ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ትበቃለች።

## ባለ ቀለሟ፦ ➡️

ግራ የምታጋባው ይህች ናት። ቁጥሯ 10145 ሲሆን እሷም ከዛፕፍ ወገን ናት፤ ነገር ግን በኋላ ከኢሞጂዎች ጋር ተቆጠረች። ስለዚህ ሁለት መልክ አላት። ከኋላዋ 65039 የሚባል የማይታይ ቁጥር ሲከተል በብዙ ስልክ ላይ ባለ ቀለም አራት ማዕዘን ውስጥ ነጭ ቀስት ትሆናለች፤ 65038 ሲከተል ተራ ጥቁር ቀስት ሁኚ ማለት ነው። ምንም ካልተከተለ ምርጫው የመሣሪያው ነው። በእናንተ ስልክ ጥቁር የነበረችው በሌላው ላይ ባለ ቀለም ልትሆን ትችላለች።

ለቴሌግራም ማስታወቂያ ደማቅ ናት፣ ዓይን ትይዛለች፤ ⬅️ (11013) የምትባል የግራ እኩያም አለቻት። ወረቀት ላይ ግን አትሞክሯት፤ በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ግራጫ ጡብ ትሆናለች።

## የዎርድ ቀስት፦ ራቁ

ዎርድ ላይ --> ብላችሁ ስትጽፉ ራሱ ወደ ቀስት ይለውጠዋል። ያማረች ትመስላለች። በውስጧ ያለው ቁጥር ግን ዊንግዲንግስ በሚባለው ፎንት ውስጥ 224 ነው፤ ከዚያ ፎንት ውጭ 224 ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል ናት። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ቀስቷ ትጠፋና ያቺ ፊደል ወይም ሳጥን ትወጣለች። ከዎርድ የዝርዝር ምልክቶች መካከል ያሉት ቀስቶችም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው።

ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ ጊዜ የተተየበ ደብዳቤ ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ማኅደር በዚህ ምክንያት እንደማይነበብ ያየ ሰው በቀስትም ቢሆን ያንኑ ስሕተት መድገም የለበትም። ዎርድ ሲለውጥባችሁ ወዲያው መልሱትና እውነተኛዋን → አስገቡ።

## በቁልፍ የምትሠራው፦ ->

ሰረዝና የመብለጥ ምልክት። የትኛውም ስልክ ላይ ትደርሳለች፣ ምንም አታስወጣም፣ አታምርም። ለፋይል ስም ግን አትሆንም፤ ዊንዶውስ የመብለጥን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፣ →ን ግን ይቀበላል።

## የራሳችን ምልክቶች

ሰው ቀስት የሚያስገባበትን ቦታ በጥሞና ስመለከት ግማሹ ያህሉ ቀስት የማያስፈልገው ነው። «አድራሻ ➳ ደሴ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ፦ ነው። ሁለት ነጥብ ከሰረዝ የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ቁጥሩም 4966፣ ከፊደላችን ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። አንድን ክፍል ከሌላው ለመለየት ➳➳➳ ለሚደረድር ደግሞ ፨ (4968) እና ፠ (4960) አሉ። የብራና ጸሐፊዎች ጽሑፋቸውን ሲያስጌጡ ከኖሩበት ወግ የመጡ ስለሆኑ ከአማርኛ ፊደል ጎን ሲቆሙ እንግዳ አይመስሉም። ፎንቱም አንድ ስለሆነ ውፍረታቸው ይገጥማል፤ ብድር የለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ፠ ላይ ብቻ ነው፦ መዝገቡ ውስጥ የገባችው ዘግይታ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለሆነ አንዳንድ የቆየ ፎንት አያውቃትም።

የሠርግ ካርድ ላይ በሁለት ስሞች መካከል ፨ አድርጌ ለደንበኛ ሳሳይ መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ከዚያ ብዙዎቹ ይወስዱታል።

## በአንድ እይታ

| ምልክት | ቁጥር | መድረስ | መልክ መጠበቅ | ወረቀት ላይ | የግራ እኩያ | በአማርኛ አጭር መልእክት የምትይዘው ቦታ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| → | 8594 | እጅግ ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ፣ ለባነር ቀጭን | አላት | 1 |
| ➤ | 10148 | ጥሩ | ጥሩ | እጅግ ጥሩ | በስብስቧ የለም | 1 |
| ➳ | 10163 | ጥሩ፣ በድሮ መሣሪያ አጠራጣሪ | መካከለኛ | ከ14 ነጥብ በላይ ብቻ | የለም | 1 |
| ➡️ | 10145 እና 65039 | ጥሩ | ደካማ | ደካማ | አላት | 2 |
| የዎርድ ቀስት | 224 በዊንግዲንግስ | ደካማ | ደካማ | ከዚያው ኮምፒውተር ከታተመ ደህና | አላት | አይሆንም |
| -> | ሁለት ቁልፍ | እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | አታምርም | <- | 2 |
| ፦ ፨ | 4966፣ 4968 | አማርኛ እስከታየ ድረስ እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | እጅግ ጥሩ | አያስፈልግም | 1 |

የመጨረሻው ዓምድ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንድ አጭር መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ 70 ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። መልእክታችሁ 69 ምልክት ቢሆንና ➳ ብትጨምሩ 70 ይሆናል፣ አንድ መልእክት ነው። ➡️ ብትጨምሩ ግን የማይታየው ቁጥር ስለሚቆጠር 71 ይሆናል፣ ሁለት መልእክት ነው። ለሦስት መቶ እንግዳ ስትልኩ ልዩነቱ የሦስት መቶ መልእክት ሒሳብ ነው።

አማርኛን በላቲን ፊደል ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ይከፋል። እንዲህ ያለ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት → ወይም ➳ ስትገባ ግን ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። 120 ምልክት የነበረው ጽሑፍ በአንዲት ቀስት ሁለት መልእክት ሆነ ማለት ነው። እዚያ -> ይሻላል።

## ለማን የትኛዋ?

በአነስተኛ ወጪ በጥቁርና ነጭ ካርድ የሚያሠራ ➸ ወይም ፨ ይውሰድ። በባለቀለምና በጥሩ ወረቀት የሚያሳትም ➳ን ሳይፈራ ይጠቀም፤ ከ14 ነጥብ በላይ፣ ወደ ቅርጽ ተለውጣ ወይም በፒዲኤፍ ብቻ።

ለእንግዳ ጠቋሚ ባነር ➤ ትሁን፤ በጀት ካላችሁ ከነጭራሹ ፊደል ትታችሁ ቀስቱን አስሥሉት፣ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚታየው እሱ ነው።

ለሱቅ የዋጋ ዝርዝር ቀስት አያስፈልግም። የዕቃው ስም፣ ፦፣ ዋጋው። የባቲ ሰኞ ገበያ ነጋዴ የቴሌግራም ዝርዝር እንድሠራለት ሲጠይቀኝ ይህንኑ ነው የሰጠሁት፤ ከገጹ አናት ላይ ብቻ አንዲት ➡️ አደረግሁለት፣ ምክንያቱም እዚያ ወረቀት የለም።

ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለተማሪ የጥናት ወረቀት፣ ለጉዞ መስመር → ብቻ።

ቁልፍ ስልክ ለያዙ ዘመዶች የምትልኩ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩ አማርኛ ያሳይ እንደሆነ ጠይቁ። አማርኛውን ራሱን በሳጥን የሚያሳይ ስልክ ላይ ስለ ቀስት መጨነቅ ከንቱ ነው።

## እንዴት ትጻፋለች?

በዎርድ ውስጥ አልት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ በቀኝ በኩል ባለው የቁጥር ሰሌዳ 10163 ስትጽፉ ➳ ትወጣለች፤ 10148 ➤ን ያመጣል። → ለመጻፍ በብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራም አልትና 26 ይበቃል። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ ላይ 2192 (ያው 8594 በአሥራ ስድስት መሠረት ሲጻፍ) ጽፋችሁ ወዲያው አልትና ኤክስን ብትጫኑ ዎርድ ወደ → ይለውጠዋል። ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ &#10163; ብላችሁ ጻፉ። በስልክ ላይ ቀላሉ መንገድ አንድ ጊዜ ቀድቶ በቁልፍ ሰሌዳው የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ «ቀስት» በሚል ምትክ ማስቀመጥ ነው።

## ዓረብኛ ያለበት ጽሑፍ

ወሎ ውስጥ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። የመስጊድ ማስታወቂያ፣ የኒካሕ ጥሪ፣ የመውሊድ ፕሮግራም አማርኛና ዓረብኛ ጎን ለጎን ይዞ ይመጣል፤ በዓረብኛ ፊደል በአጀሚ የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ የሚያመጡ አዛውንትም አሉ። ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ቅንፍ በዓረብኛ መስመር ውስጥ ሲገባ ኮምፒውተሩ ራሱ ያዞረዋል፤ ቀስትን ግን አያዞርም። ቦታዋ ከመስመሩ ጋር ይሄዳል፣ ጫፏ ግን ወደ ቀኝ እንደዞረ ይቀራል። ስለዚህ በአማርኛው መስመር ላይ «ቀጥሎ» የምትለው →፣ በዓረብኛው መስመር ላይ አንባቢውን ወደመጣበት ትመልሰዋለች። በዓረብኛው በኩል ← ማስገባት አለባችሁ፣ በእጅ። ➳ የግራ እኩያ ስለሌላት በእንዲህ ያለ ካርድ ላይ ከጨዋታ ውጭ ናት። ፨ ግን አቅጣጫ ስለሌለው ለሁለቱም መስመር ይሆናል። በዚህ ዓመት የሠራኋቸው የኒካሕ ጥሪዎች አብዛኞቹ በ፨ ነው የወጡት።

አሁን ሌላ ቤት የሚታተም ሥራ ሲኖረኝ ከዋናው ፋይል በፊት አንድ ገጽ ብቻ ያለው ፋይል እልካለሁ። ገጹ ላይ → ← ➤ ➳ ➸ ፨ ፠ በ10፣ በ14 እና በ24 ነጥብ ተጽፈዋል። አታሚው አትሞ ፎቶውን በቴሌግራም ይልክልኛል። ሃያ አንዱንም ቆጥሬ ሳጥን ካላየሁ ነው ካርዱን የምሰደው።